ያልተነሣው በትር

ያ ጠዋት እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። ያሬም ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ መቀነቱን ፈልጎ ሲያጣ ሚስቱን ጠየቃት።

«ወገብህን ዳብሰው» አለችው ሜልካ።

ሣቀና በትሩን ይዞ ደወሉን ሊደውል ወጣ። ከንጉሡ ጠባቂዎች አንዷ የነበረችው ሜልካም ሰይፏን እየወለወለች ድምፁን ጠበቀች። ድምፁ አልመጣም።

ያሬም ተመለሰ። ደወሉ ከማማው ላይ ተወስዷል፤ ገመዱ በጥርስ ተበጥሷል፤ በድንጋዩም ላይ እርጥብ የጥፍር ምልክት አለ። ደወሉን የሰረቀው፣ ድምፅ እየበላ ጉም የሚተነፍሰው የዋሻ አውሬ፣ ጽልማር ነበር። በሰልዋን መንግሥት የዋርዳን ሐይቅ ጉም ሲሸፍነው ታንኳዎች ወደ ምድር የሚመለሱት የደወሉን ድምፅ ተከትለው ነው። ያን ጠዋት ሠላሳ ታንኳዎች ውኃው ላይ ነበሩ። ጉሙም እየወረደ ነበር።

የዋሻውን መንገድ የሚያውቁት መነኩሴው አባ ዝዋር ብቻ ስለነበሩ ሦስቱ አብረው ወጡ። ሜልካ ወደ ፊት ትሮጣለች፣ ደግሞ ተመልሳ ትጠብቃቸዋለች።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ፍየል አይደለሁም» አሉ አባ ዝዋር።

«አባቴ፣ ከሐይቁ የሚጣሩት ይሰሙኛል።»

ዋሻው በአንድ ግዙፍ ድንጋይ ተዘግቷል። አባ ዝዋር በፊቱ ቆመው ከአባቶቻቸው የሰሙትን ተናገሩ፦ «ይህ በር የሚከፈተው ተሰጥቶ ለማይመለስ ነገር ነው። ሰጪው የሰጠውን መልሶ ከወሰደ ግን በሩ ዳግመኛ አይዘጋም፤ አውሬውም በምድራችን ላይ ይለቀቃል።»

በሰልዋን ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ በትሩንና መሣሪያውን ደጅ ላይ አኑሮ «ያንተ ነው» ይላል፤ ሲወጣ ደግሞ ያነሣዋል። ሜልካ ሰይፏን አኖረች። «ያንተ ነው» አለች። ድንጋዩ አልተነቃነቀም። አባ ዝዋር መቋሚያቸውን አኖሩ። አሁንም አልተነቃነቀም።

«ስንመለስ ሊያነሡት አስበው ነው አይደል?» አለ ያሬም።

አባ ዝዋር አቀረቀሩ። «ዕድሜ ልኬን ያኖርሁት እንዲያ ነው» አሉ።

ያሬም በትሩን ከድንጋዩ ሥር አጋደመ። ከዚያ ራሱ ደፉ ላይ ቆመ። «ጌታ ሆይ፣ እኔም ያንተ ነኝ» አለ።

ድንጋዩ ተነሣ።

ሜልካ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ጊዜ አልነበረም። በሩ ያልተቀበለውን ሰይፏን አንሥታ ገባች። ጽልማር እንደ ወንዝ እባብ ረዝሞ ደወሉ ላይ ተጠምጥሟል። ወጋችው፤ ሰይፏ ጉም ወግቶ ወጣ። ደግማ ወጋችው፤ ያው ነው። በሦስተኛው አውሬውን ትታ በሰይፏ እጀታ ደወሉን መታች። ዋሻው አውሬው ሊውጠው በማይችል ድምፅ ተሞላ፤ አውሬው እየተኮማተረ ወደ ጨለማው አፈገፈገ። ደወሉን እያንከባለለች አወጣችው፤ አባ ዝዋርም ተቀበሏት።

ወዲያው ከኋላዋ የአውሬው ማጓራት ተሰማ። ሜልካ ዞራ የያሬምን እጅ ያዘች።

«ልቀቂኝ» አላት በዝግታ። «ከጎተትሽኝ እመጣለሁ። እንደምመጣ አውቀዋለሁ።»

ከተጋቡ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ከሐይቁ የሰው ድምፅ ተጣራ፤ ደክሟል። ሜልካ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች።

«እሱም ያንተ ነው» አለች፤ ለማን እንደምትናገር እያወቀች።

ያሬም አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ተራመደ። ድንጋዩ ወረደ።

ያን ቀን ደወሉ ተደውሎ ሠላሳውም ታንኳዎች ተመለሱ። አሁን ደወሉን የምትደውለው ሜልካ ናት። ደውላ ስትወርድ ሰዉ ከጸሎት እየወጣ በደጁ የተደገፉትን በትሮች ያነሣል። እሷም ሁሉም እስኪነሡ ድረስ ቆማ ታያለች። የያሬም በትር እዚያ የለም፤ ከዋሻው ድንጋይ ሥር እንደተጋደመ ነው።