«እግዜር ይስጥሽ፣ እለፊ»

በትሩ ከሳፋው ጋር ሲጋጭ የሳሙና ውሃው ዥው ብሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ ዓይንሽን ግለጪ!» ብለው ጮኹ እትዬ ኮከቤ፣ ከተሰጣው ልብስ ኋላ ብቅ ብለው።

ኡሙልኸይር ባለችበት ቆመች። «ይቅርታ እትዬ፣ ሳፋውን አላየሁትም።»

«አላየሁትም? ትናንት ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ ስልክ ስትጎረጉሪ አልነበር እንዴ? ለስልክ ያየ ዓይን ለኔ ሳፋ ሲሆን ነው የሚታወረው?»

የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳቁ። ኡሙልኸይር መልስ ነበራት። ፊት ለፊቷ ያለው ይታያታል፤ የዓይን በሽታው የወሰደባት ዳር ዳሩን ነው። ወረቀት ጠቅልሎ በቀዳዳው እንደማየት ነው። ስልኩ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ እግሯ ሥር ያለ ሳፋ ግን አይገባም። ይህንን ባለፈው ክረምት ለራሳቸው ለእትዬ ኮከቤ አስረድታቸው ነበር። «እሰይ፣ እንኳን ጨርሶ አልጠፋ» ብለዋት ሄዱ።

ዛሬ ለመከራከር ጊዜ የላትም። እናቷ ጠዋት ቁርጡን ነግራታለች፦ «በዚያ ነገር አብነት ሰፈር ድረስ ሄደሽ፣ ከጋሽ አምሳሉ ሱቅ ዳቦ ገዝተሽ ብቻሽን ተመለሺ። ከሆነልሽ ሰኞ ትምህርት ቤት ብቻሽን ትሄጃለሽ። ካልሆነልሽ ሱፍያን ይዞሽ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ብቻዬን የሚባል ወሬ እንዳልሰማ!» እናቷ ነጩን በትር በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያ ነገር» ነው የምትለው።

ሱፍያን ታላቅ ወንድሟ ነው። ይዞሽ ይሄዳል ሲባል ደግሞ እጇን አይደለም፤ እጅጌዋን ይዞ ይጎትታታል። ጓደኞቹ ካሉበት ሲደርሱ ይለቃትና ራቅ ብሎ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት የለቀቃት ክፍት ቱቦ አጠገብ ነበር። የጉልበቷ ቁስል ገና አልጠገገም።

ከግቢው ወጣች። ቀኝ እግር ሲቀድም በትሩ ወደ ግራ፤ ግራ ሲቀድም ወደ ቀኝ። አሰልጣኟ ጋሽ ሚደቅሳ ይህንን እንደ ዘፈን አስደግመዋታል። «በትሩ ላንቺ መንገዱን ይነግርሻል፤ ለመንገደኛው ደግሞ ስላንቺ ይነግረዋል» ይሏታል።

መንገደኛው ግን የሰማ አይመስልም። አንዱ በትከሻው ገጭቷት ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ አለፈ። አንድ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚለውን አቋርጦ «አንቺ፣ ከመንገድ ዞር በይ! ነገር ልታመጪብን ነው?» ብሎ አምባረቀባት። አንዲት እናት ልጇን ሳብ አድርጋ ስታሸሽ ተሰማት። «እንዳትነካት። ወደዚህ ና።»

ቢሆንም አልወደቀችም። ጉድጓዱንም፣ መንገድ ላይ የተከመረውን አሸዋም በትሩ ቀድሟት አገኘው። የትኩስ ዳቦ ሽታ መጣላት። ደርሳለች! የሱቁ መስኮት ሥር ቆማ ብር ልታወጣ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እለፊ» አሉ ጋሽ አምሳሉ።

ያዩት በትሩን ነበር። በትሩን ከያዘው እጅ ወደ ላይ አላዩም። ከልጅነቷ ጀምሮ «የኔ ቆንጆ፣ ዛሬስ ምን ልስጥሽ?» የሚሏት ሰው ናቸው። ለለማኝ የሚባለውን ቃል ኡሙልኸይርም ታውቀዋለች፤ እሷም መንገድ ላይ ፊቱን ሳታይ ለስንቱ ብላዋለች። ዛሬ ግን እንደ ጥፊ አረፈባት።

ዞራ መንገዱን ተሻገረች። ማዶ ያለውን የቆርቆሮ አጥር ተደግፋ በትሩን ማጠፍ ጀመረች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቦርሳዋ ውስጥ ልትከተው ስትል እጅጌዋን ተያዘች።

«አየሽ? አላልኩሽም?» ሱፍያን ነበር።

«ስትከተለኝ ነበር?»

«እማዬ ናት የላከችኝ። ስሚ፣ ጀለሶቼ እዚያ ጋ ሆነው እያዩን ነው። ዳቦውን እኔ እገዛዋለሁ፤ በር ላይ ስንደርስ ይዘሽው ትገቢያለሽ። ብቻዬን ገዛሁ በያት፣ እኔም አዎ እላታለሁ። አለቀ!»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ብቻሽን ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ። ይሄን ዱላ ብቻ እንዳታወጪው። ሰው እኮ የለማኝ ወንድም…» ቀሪውን ዋጠው።

ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ሰኞን ያለ ጭቅጭቅ ታገኛለች። ማንም አይስቅባትም፣ ማንም እለፊ አይላትም። ቱቦው ግን ሰኞም እዚያው ነው፤ እንደተከፈተ። ጉልበቷን በቀሚሷ ላይ ዳበሰችው።

«እጅጌዬን ልቀቀኝ፣ ሱፌ።»

በትሩን ወዝወዝ ስታደርገው ቁርጥራጮቹ አንድ በአንድ ገጠሙ።

«ኧረ በአላህ አታዋርጂኝ!»

መንገዱን ተሻግራ መስኮቱ ሥር ያለውን ድንጋይ በበትሩ ነካችው።

«እግዜር ይስጥሽ አልኩ እኮ!»

«አሚን» አለች ኡሙልኸይር። «አሚን፣ ጋሽ አምሳሉ። እሱ እስኪሰጠኝ እርስዎ አምስት ዳቦ ይስጡኝ።»

ጋሽ አምሳሉ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ኡሙ? አንቺ ነሽ እንዴ? ውይ ልጄ፣ ይሄን ይዘሽ በምን ልወቅሽ! አጥፈሽው ብትመጪ እኮ ሰው አይሳሳትም።»

ኡሙልኸይር ከኪሷ ብር አውጥታ ስትመርጥ አጠገቧ ያለች ገበያተኛ ጣልቃ ገባች። «ታያለች እኮ! ብሩን ስትመርጥ አላዩዋትም? የዘንድሮ ልጅ ደግሞ ማስመሰል ሲያውቅበት!»

ስለ ተጠቀለለው ወረቀት ልታስረዳ አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ሲታጠፍ እወድቃለሁ» አለቻቸው ለጋሽ አምሳሉ። ሌላ አልጨመረችም።

ፌስታሉን በግራ እጇ ተቀበለች። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ የሱፍያን ጓደኞች በቆሙበት በኩል ነው። «ሱፌ፣ እህትህ አይደለችም እንዴ?» ሲል አንዱ ሰማችው። ሌላው ሳቀ።

ቤት ስትደርስ ለእናቷ ሁሉንም ትነግራታለች፤ ሳፋውንም፣ አንድ ጊዜ ዞራ መሄዷንም። ከዚያ በኋላ እናቷ የምትለውን ትበል።

ቀኝ እግሯን አስቀደመች፣ በትሩን ወደ ግራ። ጫፉ ሲሄድ ሲሄድ የአንዱን ጫማ ነካ። ማንም ይቅርታ አላለም፤ ጫማው ግን ከመንገዱ ተነሳ።

ግራ እግሯን አስቀደመች፣ በትሩን ወደ ቀኝ።