የጎደለችው አሚን

«ንኪው ያለሽ ማነው?»

ኢርፋን የግቢውን በር እንኳ ሳይዘጋ ነው የጮኸው። ሳሚያ ቀና አላለችም። ግቢው መሀል የተገለበጠው ረጅም የመኪና ወንበር ላይ ተንበርክካ፣ የዛገ ሽቦ በፒንሳ እየነቀለች ነበር። አንዱ እምቢ ሲላት በሁለት እጇ ያዘችውና ወደ ኋላ ተንጋለለች። ሽቦው ተነቀለ፤ እሷም በመቀመጫዋ ዘጭ አለች።

«ማንም» አለች አቧራዋን እያራገፈች። «ራሴ ነኝ ያልኩት።»

«ቅዳሜ ብረት ሰብሳቢው ይወስደዋል ብዬሻለሁ።»

«እኔም አይወስደውም ብዬሃለሁ።»

ኢርፋን ታላቅ ወንድሟ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ካሰበ ያሰበው ነገር የተፈጸመ ይመስለዋል። የአያታቸውን የሀጂ ከማልን ፔጆ ከዓመታት እንቅልፉ የቀሰቀሰው እሱ ነው። ሞተሩን አሠራ፣ ነጭ ቀለም አስቀባ፤ የሰርግ መኪና ሊያደርገውም ቆረጠ። የመጀመሪያው ሙሽራ ደግሞ ጓደኛው ሲራጅ ነው፤ ሰርጉ እሁድ። ያልተዋጠለት የፊተኛው ወንበር ብቻ ነበር። ከበር እስከ በር ወጥ የሆነ፣ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር። «ፋራ ነገር!» ብሎ አወጣውና ከተጋጨ ቪትዝ የተፈቱ ሁለት ጥቋቁር ወንበሮችን አስገባ። ለጊዜው በድሮው ሐዲድ ላይ አስሯቸዋል። ከሰርጉ በኋላ በያጅ መጥቶ ሐዲዱን ይቆርጥና አዲስ ይበይዳል። ሐዲዱ አንዴ ከተቆረጠ ያ ረጅም ወንበር ተመልሶ አይገባም።

ይህንንም ሳሚያ በቻለችው ነበር፤ ለአያቷ የነገራቸውን ግን አልቻለችም። «አባባ፣ ወንበሩ አልቋል። ሞላው ተሰባብሯል፤ የቀረውን አይጥ በልቶታል» አላቸው። ዓይናቸው ከደከመ የቆየው ሀጂ ከማል «እንግዲህ የሞተ ነገር ይቀበራል» አሉ። ያን ቀን ምሳም አልበሉም።

ሳሚያ ያንን ወንበር ታውቀዋለች። የፔጆው ማርሽ ከመሪው ሥር ስለሆነ ከፊት መሀል ላይ ሰው ይቀመጣል። እዚያ ቦታ ላይ ነው ያደገችው፤ ሰኞ ሰኞ አያቷ የባቲ ገበያተኛ ሲጭኑ፣ በሳቸውና በመንገደኛው መሀል ተሰክታ። ሌሎቹን ልጆች «ዱባ! ዱባ ታኢ!» እያሉ ወደ ኋላ ይሰዷቸው ነበር። በኦሮምኛ «ዱባ» ማለት ኋላ፣ «ታኢ» ማለት ተቀመጥ ነው። አንዴ ከደሴ የመጣ የዘመድ ልጅ «እኔ ዱባ አልበላም!» ብሎ በሩ ላይ እንዳለቀሰ እስከ ዛሬ ይወራል። ሳሚያ ግን ዱባ ተልካ አታውቅም። መሀሏ የሷ ነበረች፤ ይህችን ቦታ የሚነጥቃትን ሰው፣ ወንድሟም ቢሆን፣ ዝም ብላ አታይም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ወንበሩን ባጃጅ ላይ አሳስራ ዘይና ዘንድ ወሰደችው። ዘይና በመናኸሪያው በኩል የባጃጅ ወንበርና ሸራ የምትሰፋ፣ ሳቅ የማይጠፋት ሴት ናት።

«ይሄ ደግሞ የማን አልጋ ነው?» አለች።

«የአባባ ፔጆ ወንበር ነው። ልትረጂኝ ነው።»

«ልትረጂኝ ነው? መጀመሪያ እሺ ልበልሽ እንጂ!»

በከሚሴ የመኪና ወንበር ልብስ አይወልቅም፤ ይደረባል። ያረጀው ላይ አዲስ ይሰፋበታል፣ አዲሱ ሲያረጅ ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ወንበሩን እንደ ሽንኩርት ላጡት። ከላይ አበባ ያለበት ላስቲክ ነበር፤ ከሥሩ ዘርፉ የተበጣጠሰ ቀይ ከፋይ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ሸራ። ሸራው ሲነሳ ቡናማ፣ መስመር መስመር ያለው ልብስ ብቅ አለ። ፋብሪካው ያለበሰው ነው። በሾፌሩ በኩል ተቦጭቋል፣ መሀሉ ላይ ግን ጤነኛ ነበር።

ሳሚያ እሱንም በጥንቃቄ ፈታችና እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። አይጥ የለም። የተሰበረ ሞላም የለም። ሁለቱ ብቻ ከማሰሪያቸው አምልጠው ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ተጫነቻቸው፤ ተመልሰው ዘለሉ። ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች።

«ዋሽቷቸዋል» አለች። «አንዴ እንኳ ሳይነካው።»

ለዘይና ይህ የሰው ቤት ጉዳይ ነው። ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት ብቻ አቀበለቻት።

ከዚያ በኋላ ሳሚያ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ነበረች። ዝገቱን ፈተገች፣ ያመለጡትን ሞላዎች በሽቦ አሰረች። መሀሉን የሞላውን ቃጫ ፀሐይ ላይ ዘርግታ በዱላ ደበደበችው፤ የባቲ መንገድ አቧራ ሁሉ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል ሰፈሩን አስነጠሰው። የከበዳት ልብሱ ላይ ሲደርሱ ነው።

«ይሄን ሁሉ ከምትለፊ ቀይ ላስቲክ ላልብስልሽ» አለች ዘይና። «ፏ ይላል።»

«አይሆንም። የራሱ ልብስ ይሁን።»

«የራሱማ ተቀዷል! በምን ተአምር?»

ሳሚያ የወንበሩን መደገፊያ አዞረች። ከጀርባው ያለው ያው ቡናማ ልብስ ፀሐይም ጀርባም አላየም፤ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። «ከዚህ ቆርጠን ወደ ፊት እናምጣው። ጀርባውን በፈለግሽው አልብሺው፤ ማን ያየዋል?»

ዘይና ሳቀች። «እንደ ሸሚዝ ኮሌታ መገልበጥ! ቆይ፣ አንቺ ልጅ የማን ነሽ?» አለች። መቀሱን ግን አነሳች።

ልብሱ ወፍራም ስለሆነ የስፌት መኪናው መርፌ ተሰበረ። የቀረውን ሳሚያ በወስፌ በእጇ ሰፋችው። ስፌቱ መሀል ላይ ትንሽ ተንሻፈፈ፤ ፈታ ደግማ ሰፋችው፤ ደግሞም ተንሻፈፈ። ጣቶቿ በወስፌ ተወጋግተው ትምህርት ቤት እስክሪብቶ መያዝ አቃታት።

ዓርብ ዕለት ኢርፋንን መኪናው አጠገብ አገኘችው። «ሞላው ጤነኛ ነው። ለአባባ ንገራቸው» አለችው።

«ከእሁድ በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«ከእሁድ በኋላማ በያጁ ይመጣል።»

«ሳሚ፣ አቦ አትጨቅጭቂኝ! አንዴ ተናግሬያለሁ። አሁን ሄጄ ዋሽቼ ነው ልበላቸው? ሲራጅስ ምን ይለኛል? በተጣፈ ወንበር ሙሽራ ላመጣ ነው?»

እናታቸው ረቢአ ከቤት ሰምታቸው ወጣች። «በሰርግ ሰሞን ጠብ አልፈልግም። ታላቅሽ ነው፤ ዝም በይ» አለቻት።

ሳሚያ ለአያቷ ራሷ ልትነግራቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀምጣ ነበር። ግን አፏን ሳትከፍት ሀጂ ከማል እጇን ያዙና «ኢርፋን መኪናዬን ከሞት አስነሳልኝ። አላህ ዕድሜ ይስጠው» አሏት። ሳትነግራቸው ተነሣች። ወንድሟን በሳቸው ፊት ማዋረድ አልቻለችም፤ ባለመቻሏም ራሷን ጠላችው።

እሁድ ጠዋት ለመኪናው ዱአ ሊደረግ ሽማግሌዎች መጡ። ፔጆው ታጥቦ፣ በሪባን አጊጦ ግቢው መሀል ቆሟል። ሽማግሌዎቹ በምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ሀጂ ከማል በመሀላቸው። ኢርፋን አዲስ ጀለቢያ ለብሶ ከአጠገባቸው ሆኗል። ሳሚያ ከእናቷ ጋር በሩ ላይ ቆመች። ሀጂ ከማል የመረቁትን ነገር በዚህ ቤት የሚያነሳው የለም። ዛሬ ዱአ ከተደረገበት ሁለቱ ጥቋቁር ወንበሮች ጸደቁ ማለት ነው።

ሁሉም መዳፉን ዘረጋ።

«ያ ረቢ፣ መኪናይቱን ከክፉ ዓይን ጠብቃት!»

«አሚን!»

«ሙሽሮቹን አፋቅራቸው፣ ቤታቸውን ሙላው!»

«አሚን!»

«አሮጌውን ወንበር በክብር ሸኝተናል፤ አዲሱን ባርክልን። እውነቱን ነግሮኝ ያጽናናኝን ልጄንም ባርክልኝ!»

«አሚን!»

ሳሚያ እጇን በሻርፗ ውስጥ ከተተች። ከንፈሯን ገጠመች። የሚያያት እንደሌለ ታውቃለች። ለውሸት አሚን እንዳላለች ግን እሷ ታውቃለች።

ሀጂ ከማል ቀጣዩን ምርቃት አላነሱም። አንገታቸውን ወደ በሩ ዘንበል አደረጉ።

«አንዲት አሚን ጎደለች» አሉ።

«ኧረ ሁላችንም ብለናል ሀጂ» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«የልጅ ድምፅ ናት። ሁለቴ ነበረች፤ ሦስተኛው ላይ የለችም። ሳሚ፣ ኤሳ ጅርታ?»

«እዚህ ነኝ አባባ።»

«ምነው?»

እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ሳሚያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«ወንበሩ አልሞተም። ሞላውም አልተሰበረም፣ አይጥም አልበላውም። በእጄ ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ ዘይና ቤት ተሰፍቶ ተቀምጧል። አሚን ማለት አልችልም አባባ። ይቅር ይበሉኝ እንጂ አልልም።»

ኢርፋን መሬት መሬቱን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። ሳሚያን አሳዘናት። ያም ሆኖ ያለችውን አልመለሰችም።

«ኢርፋን፣ ዱጋ?» አሉ ሀጂ ከማል። እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«አባባ፣ አሮጌ ነው እኮ... ለሰርግ መኪና...»

«አሮጌ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም አሮጌ ነኝ። ሞላውን በእጅህ ነክተኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

«አልነካሁትም» አለ ኢርፋን።

ሽማግሌዎቹ ዱአው አልቋል ብለው መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው ሲያነሱ ሀጂ ከማል አስቆሟቸው። «ፊታችሁን አታብሱ! ዱአው አልተዘጋም። ሳሚ፣ ወንበሩን አምጪው።»

«ሀጂ፣ ሙሽራው ይጠብቃል እኮ!»

«ይልመደው። ካገባ በኋላ ገና ብዙ ይጠብቃል።»

ሳሚያ እየሮጠች ወጣች። ስትመለስ ወንበሩ የባጃጁ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ ዘይና ከኋላ ደግፋው ነበር። ኢርፋን እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆሟል።

«እኔ አልነካውም» አለ።

«አልጠየቅኩህም።»

መፍቻውን አነሳችና የሰርግ ቀሚሷን ሳትለብስ በትምህርት ቤት ሹራቧ መኪናው ውስጥ ተኛች። የጥቋቁሮቹን ወንበሮች ሦስት ብሎን ፈታች። አራተኛው ንቅንቅ አልል አለ። ተንጠለጠለችበት፣ በእግሯ ረገጠችው፣ ሰደበችው። ከብዙ ትግል በኋላ የኢርፋን እጅ ከላይዋ መጣና መፍቻውን ከጫፉ ያዘ። ብሎኑ ጮኸና ዞረ።

«ላንቺ አይደለም» አለ ኢርፋን። «ብሎኑን ልታበላሺው ነው።»

ረጅሙ ወንበር ሐዲዱ ላይ ገብቶ ሲቆለፍ ሀጂ ከማልን ደግፈው አስቀመጧቸው። እጃቸው መደገፊያውን ዳሰሰ፣ መቀመጫውን ዳሰሰ፣ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ስፌት አልነበረም።»

«አልነበረም። የኔ ነው» አለች ሳሚያ።

«ጠማማ ነው።»

«አዎ፣ ጠማማ ነው።»

ሀጂ ከማል እጃቸውን ስፌቱ ላይ እንዳሳረፉ ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሽማግሌዎቹም ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ በእፍረት የዋሸውን ልጄን ይቅር በልልኝ!»

«አሚን!» ሳሚያም አለች፤ ከሁሉም ጮክ ብላ።

«በሽማግሌ ፊት ያፈጠጠችውንም ትንሽ አለዝብልኝ!»

«አሚን!» አሉ ሁሉም እየሳቁ፤ የኢርፋን አሚን ከሁሉም ጎልታ ተሰማች። ሳሚያ አፏን ገጥማ ዝም አለች።

ሀጂ ከማል ጆሯቸውን ጣል አድርገው ጠበቁ። የሳሚያ አሚን አልመጣችም። ጥቂት ፈገግ አሉና ፊታቸውን አበሱ፤ ዱአው ተዘጋ።

ኢርፋን መሪው ላይ ተቀመጠ። አያታቸው በወዲያኛው በር በኩል ነበሩ። «ለሲራጅ ማን ሊነግረው ነው?» አለ ወደ ሳሚያ ሳያይ። «ሁለት ዘመናዊ ወንበር ብዬዋለሁ። የሰርግ ቤት ሰው ሁሉ እያየ ማን ይነግረዋል?»

«እኔ» አለች።

«መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ!» አለች እናቷ ከበሩ። «ቀሚስሽንም ልበሺ። እንዲህ ሆነሽ ነው ሰርግ ቤት የምትሄጂው?»

ሳሚያ እጇን አየችው። ዝገት፣ ዘይትና የወስፌ ቁስል ነው። ሲራጅ ቤት ደጃፍ ላይ የሚሰበሰቡትን ሴቶች አሰበች፤ የክፍሏ ልጆችም እንደማይጠፉ አሰበች። ከዚያ በኢርፋን በኩል ዞራ እሱን አስነሥታ ወደ መሀል ገባች።

«እንዲሁ እሄዳለሁ» አለች። «ንዳው።»