ድምፁ የጠፋው ፋይል

ዓይነ ስውሩ መምህር ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነበር። የታፈነበት ትራስ እግሩ ሥር ወድቋል። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። መርማሪዋ ስትደርስ አለቃዋ የሟቹን የእህት ልጅ በካቴና አስሮ ጨርሷል።

«ከሟቹ ሌላ ይህን ኮምፒውተር የምትነካው እሷ ብቻ ናት። ዛሬውኑ እስር ቤት ትገባለች» አለ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እርስዎ ግን አፍስሰውም አይለቅሙም» አለች መርማሪዋ።

መልሱን ሳትጠብቅ ሟቹ ይጽፈው የነበረውን የሕይወት ታሪኩን ፋይል ሁለቴ ጠቅ አደረገች። ስክሪኑ በፊደል ተሞላ። ድምፅ የለም።

«ይሄማ አይሆንም!» ልጅቷ ጮኸች። «ጽሑፍ ሁሉ በአንባቢው ፕሮግራም እንዲከፈት አድርጌ ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ሲከፍተው ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ለአጎቴ ፊደል ምን ያደርግለታል?»

መርማሪዋ ቅንብሩን አየች። «ሁልጊዜ በዚህ ክፈት» የሚለው ወደ ተራ መጻፊያ ፕሮግራም ተቀይሯል።

የሟቹ ሚስት ከጎን ክፍል መጣች። «ጠዋት ሙሉ ኮምፒውተሩ ሲያነብለት ሰምቻለሁ። ከምሳ በኋላ ግን ማሽኑ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። ደክሞት ተኛ ብዬ ልብስ መተኮሴን ቀጠልኩ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል።

«ከምሳ በኋላ ገብተው ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«ገብቻለሁ፣ ደህና ነበር። መጽሐፉን ራሱ ከፈተልኝና አጠገቡ ቁጭ ብዬ በዓይኔ አነበብኩት። ስለ እኔ አንድ ክፉ ቃል የለውም፤ ታዲያ ምን ያጣላናል?»

ልጅቷ በታሰረ እጇ ገጾቹን ወደታች ገፋች። «ዓይኑን ያጣበት ምዕራፍ የለም» አለች።

መርማሪዋ ሁሉንም ሬሳው ፊት አቆመቻቸው።

«ዓይነ ስውር ሰው የሚሰማውን ትቶ የማያየውን አይመርጥም። ቅንብሩን የቀየረው የሚያይ ሰው ነው። ፋይሉን ሲከፍት ማሽኑ ጮኸበት። በጎን ክፍል ሰው አለ። ደንግጦ በዝምታ የሚከፍተውን መረጠ። ልጅቷ ብትሆን የሠራችውን ታውቃለች፤ እንደነበረ ትመልሰው ነበር።» ወደ ወንድምየው ዞረች። እርስዎ ማለቷን ተወች። «አንተ ግን ራሱ ከፈተልኝ፣ በዓይኔ አነበብኩ አልክ። እሱ ሲከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ነው። ምኑን አነበብክ? ፊደል የታየህ ከገደልከው በኋላ፣ ቅንብሩን ስትቀይር ነው። ምዕራፉንም ያን ጊዜ አጠፋኸው።»

«ምዕራፉ ምን ይል ነበር?» አለ አለቃው።

«በልጅነታቸው የባትሪ አሲድ ዓይኑ ላይ የደፋበት ይሄ መሆኑን!» አለች ሚስትየው። «ለእናታቸው ግን ወንድሜ በራሱ ላይ ደፋው ብሎ ዋሸ።»

«ልጅ ነበርኩ!» ወንድምየው አንባረቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ እጁን ይዤ መራሁት! አሁን ምን አስጻፈው?»

«መራኸው! ዓይኑን አጥፍተህ መንገድ አሳየኸው!» አለች ሚስትየው።

አለቃው የልጅቷን ካቴና ለመፍታት ቁልፍ ይፈልግ ጀመር። «አይዞሽ ልጄ፣ ያጋጥማል።»

«ልጅዎ አይደለሁም» አለች። «ይፍቱኝና አጎቴን ከዚህ ወንበር ላይ ያንሱት።»