ዳንቴል የለበሱት ኮምፒውተሮች

ሀጅራ ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ ከተደረደሩት አጠገብ አስቀመጠች። የኮምፒውተር ክፍሉ ሕግ ነው፤ አቧራ እንዳይገባ ማንም በጫማ አይረግጥም። የውስጡ አቧራ ግን ስም ይጻፍበታል።

ኮምፒውተሮቹ የመጡት ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ነበር። አሁን አስራ አንደኛ ናት። ያኔ ዲላ ላይ ያልተወራ የለም፤ ሬዲዮው ሳይቀር «ትምህርት ቤቱ ከዓለም ጋር ተገናኘ» ብሎ ለፈፈ። ከዓለም ጋር! ገና ከመብራት ጋር እንኳ ሳይገናኙ «የአጠቃቀም መመሪያ እስኪመጣ ተማሪ እንዳይነካቸው» የሚል ትእዛዝ ከላይ ወረደና ተቆለፈባቸው። መመሪያው ይኸው እስካሁን መንገድ ላይ ነው፤ ከአገር ጫፍ በእግሩ ቢመጣ እንኳ በደረሰ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ዳንቴል ሠርታ አለበሰቻቸው። አይጦችም ከዳንቴሉ ሥር ጎጆ ወጥተው፣ ወልደው፣ ገመዱን ሲቆረጥሙ ከረሙ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ዛሬ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ከጋዜጠኛ ጋር ይመጣሉ ተብሎ ዳይሬክተሩ አቶ ገብረኪዳን ላይ ታች ሲሉ አረፈዱ። ከኮምፒውተሮቹ አንዱም አልነሳ ሲላቸው፣ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ከሚጠግነው ከሀጅራ ወንድም ከኸይረዲን ዘንድ አሮጌ ኮምፒውተሩን ለምነው በባጃጅ አስመጡ። ጀርባው ያበጠ፣ ሲከፈት እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ጉድ ነው። ኸይረዲን አማርኛ መተየብ የተማረው፣ ሀጅራም ካርታ መጫወት የጀመረችው በእሱ ነው። የኪቦርዱ ፊደሎች ተፍቀው አልቀዋል፤ ጣቷ ግን አይስታቸውም። ያን የቤታቸውን ሽማግሌ ለማስመሰያ ዳንቴል ደርበውበት ስታይ አንገሸገሻት።

አቶ ገብረኪዳን አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ወዳስቀመጧት ወደ ሀጅራ ጠጋ አሉ። ለክረምቱ የኮምፒውተር ሥልጠና ከትምህርት ቤቱ ወደ ሀዋሳ የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ሀጅራ ዓመቱን ሙሉ ስትመኘው እንደኖረች ያውቃሉ።

«ሲጠይቁሽ በየቀኑ እንማራለን በይ። የሀዋሳው ነገር በእኔ እጅ ነው» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ቲቸር፣ ሌሎቹ አይሠሩም እኮ።»

«እሱን ማን ጠየቀሽ? ሞዴል ከተባልን አዲስ ይሰጡናል።»

ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው የሚያወሩት። አዲሶቹም መጥተው ዳንቴል ሊለብሱ! የለየለት ፉገራ። ሞዴል የተባለን ክፍል ደግሞ ለተማሪ ማን መልሶ ይከፍተዋል? እንዲህ እያሰበች እንኳ ሀዋሳ ከሐሳቧ አልወጣ አላት።

እንግዶቹ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ገቡ። የአንደኛው አውራ ጣት በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሏል። አሮጌው ኮምፒውተር ሲያጓራ ቴክኖሎጂው ሩቅ መድረሱን እያደነቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጋዜጠኛዋ የትምወርቅ ማይኩን ለሀጅራ አስጠጋችላት።

«እስኪ ንገሪን፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ተማራችሁ?»

አቶ ገብረኪዳን ከካሜራው ጀርባ ሆነው ፈገግ አሉላት። ሀጅራ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«ጫማ ማውለቅ» አለች።

ሀጅራም እጇን ዘርግታ የሚቀጥለውን ኮምፒውተር ዳንቴል ቀስ ብላ ገለጠችው።