ለችግኝ ያራገበው ዓሣ ሻጭ

የምርምር ጣቢያው የበረዶ ማሽን የተበላሸው፣ ችግኞቹ ማሞቂያ ክፍል በገቡ ማግስት ነበር። ተመራማሪዋ ልጅ ሣጥኗን አንጠልጥላ ጎረቤት ያለው ዓሣ መሸጫ ደጃፍ ስትደርስ፣ ልቧ አስቀድሞ «የለም ሊልሽ ነው» ብሏታል። ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ገና ነገሩ ሳይጀመር ክፉው ይታያታል።

«ምን ልስጥሽ?» አላት ወጣቱ ሻጭ ቢላውን አስቀምጦ።

«በረዶ።»

«ያለ ዓሣ?»

«ለቅጠል ነው።»

ሳቁ መጣበት። እሷም እያፈረች አስረዳችው። የቲማቲም ችግኝ ሙቀት ሲያስጨንቀው፣ ከጉዳት የሚከላከለውን አንቲኦክሲዳንት ቅጠሉ ውስጥ ያዘጋጃል። ምን ያህል እንዳዘጋጀ የምትለካው እሷ ናት፤ ቅጠሉ እንደተቀጠፈ በረዶ ላይ ካላረፈ ግን ልኬቱ ከንቱ ነው።

«እኔ ሲሞቀኝ የማወጣው ላብ ብቻ ነው» አለና ሣጥኗን ሞላላት።

ከዚያ ወዲያ ንጹሑን በረዶ ለብቻ ያስቀምጥላት፣ «ዶክተር» እያለም ያሾፍባት ጀመር። ሣጥኑን ሲያቀብላት ጣቶቻቸው ይነካካሉ።

እናቷ ግን እጇን እየዳበሰች ተጨነቀች። «በዚህ ፀሐይ እንዲህ የቀዘቀዝሽው ደም አንሶሽ ነው!» የበረዶውን ነገር ስትሰማ ደግሞ ባሰባት። «ቀኑን ሙሉ ቢላ ይዞ የሚውል ሰው? በሞቴ ራቂው!»

አንድ ቀን ስብሰባ አቆያት። በረዶው እንዳይቀልጥባት ብሎ ዓሣ ሻጩ ራሱ ወደ ጣቢያው ይዞት መጣ። ስትደርስ የማሞቂያው ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በረዶው በችግኞቹ ዙሪያ ተበትኗል፤ እሱ በካርቶን ያራግብላቸዋል።

«ምን አደረግክ?»

«ጠውልገው ነበር እኮ! አዘንኩላቸው።»

«እንዲሞቃቸው ነው የተቀመጡት! ድካሜን ሁሉ ገደል ከተትከው። ሁለተኛ እንዳትመጣ!»

ካርቶኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወጣ።

እንደገና ዘራች። አዲሶቹ ቡቃያዎች ቅጠል ሲያወጡ ማሽኑ ተጠገነ፤ በረዶ እንደ ልብ ሆነ። እሷ ግን በረዶ በጨለፈች ቁጥር ዓይኗ ላይ የሚመጣው ያ ሲያራግብ ያገኘችው ሰው ነበር። ለቡቃያ እንዲያ የራራ፣ ለሰውማ እንዴት ይሆን? ይሄኔ ሌላ ወዶ ይሆናል፤ ታሞም ይሆናል፤ ሱቁን ዘግቶም ይሆናል።

በመጨረሻ ሣጥኗን አነሣች። እናቷ በር ላይ አገኘቻት።

«ማሽኑ ተሠራ አላልሽም?»

«ተሠርቷል።»

እናትየው ሣጥኑን አየች፤ የልጇን ፊት አየች። «ቢያስከፋሽስ?»

«ያስከፋሁትስ እኔ ነኝ፣ እማ።»



«እንግዲያው ጃንጥላ ያዢ» አለች እናቷ፣ ድምጿ ለስልሶ። «ፀሐዩ ይመታሻል።»

ዓሣ ሻጩ ሲያያት ቢላው እጁ ላይ ቀረ።

«ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?»

«ደህና ነው።»

«ችግኞቹስ?»

«እየሞቃቸው ነው።»

«ታዲያ በረዶ ምን ያደርግልሻል?»

ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ውስጡ ያ ካርቶን ነበር።

«ረስተኸው ሄደህ ነው» አለች። «የዚያን ዕለት የተናገርኩትን... ይቅር በለኝ።»

ካርቶኑን አገላብጦ አየው። ከዚያ ግንባሯ ላይ ያቸፈቸፈውን ላብ አየ፤ እጁን ዘርግቶም ቀስ እያለ ያራግብላት ጀመር።

«እዚህስ ይፈቀዳል፣ ዶክተር?»

«እዚህ ይፈቀዳል» አለች ዓይኗን ጨፍና።