የዘርትሁን ቅምሻ

ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት። ተጠጉ፣ ተጠጉ! አንቺ በሩ ዘንድ ያለሽው፣ መወርወሪያውን አስገቢ። ዛሬ በዚህ ቤት የሚቀዳ ነገር የለም፤ ያለው ወሬ ብቻ ነው። መጠጥ ያማረው ከአሁኑ ይሂድ። የሚሄድ የለም? ጥሩ። እንግዲያው አፋችሁን ዝጉና ስሙኝ።

ድሮ ነው። ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ አሁንም አሉ፣ ከእነሱ ጋር አታጣሉኝ። ይህ ጓንጉል ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በጌሾው ማሳ መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ወዴት? ወደ አዲሱ ሬስቶራንቱ። ያን ዕለት ማታ ይመረቃል፤ የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ተጠርተዋል። ታዲያ ደስ ብሎት ይሄዳል? የለም። ይሄዳል፣ ዞር ብሎ ያያል። ይሄዳል፣ ዞር ብሎ ያያል።

ምን ነክቶት? ቆዩ፣ እሱን ልንገራችሁ።

ሬስቶራንቱ ድሮ ጠጅ ቤት ነበር። የእትዬ ዘርትሁን ጠጅ ቤት። ዘርትሁን ባልም ልጅም የላት፤ ያላት ያ ቤት ነው። በግራ እጇ አውራ ጣት ላይ የብር ቀለበት ታደርጋለች። ጠጅ ስትቀዳ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትቀምሳለች። ከዚያ ብርሌውን ትሞላና በቀለበቷ አንገቱን ኪን! ታደርገዋለች። "በጤና ይጠጡ" ትላለች። ሳትቀምስ ለሰው ሰጥታ አታውቅም። ወጓ ነው።

ጓንጉል ቤቱን ሽጪልኝ አላት። እምቢ አለች። ለመናት፣ እምቢ አለች። አስፈራራት፣ "ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው" አለችው። ወጓን ያውቅ የለ? አንድ ቀን ጠርሙስ ይዞ መጣ። "ከገጠር ጠጅ ተልኮልኝ ነው፣ እስቲ ቅጂልኝ" አላት። ምስኪን! መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ቀመሰች። ብርሌውን ሞላች፣ ኪን! አደረገችው። እሱ "ሆዴን ቆረጠኝ" ብሎ ብርሌውን ደፋው፣ ጠርሙሱን በካቦርታው ሸሽጎ ወጣ። ሲነጋ ዘርትሁን መዳፏ ጠቁሮ ሞታ ተገኘች። እሱ ደግሞ፣ አያፍርም፣ ዘመዷ ነኝ ብሎ የሐሰት ምስክር አቁሞ ቤቷን ወረሰ። የሰው ደም እንዲህ በዋዛ ይቀራል? ንገሩኝ እንጂ!

እና ያን ማታ፣ ጌሾው መሃል፣ ኪን! አለ።

ጓንጉል ቆመ። "ማነው?" አለ። ሮጠ አልልም፤ ግን እግሩ ፈጠነ።

ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ ነበር። የድንጋይ ግድግዳው ተፍቆ፣ የጥዱ ወጋግራ በቀለም አብርቶ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ሹካና ቢላው ተደርድሮ። የዘርትሁን ጋኖች አበባ ተተክሎባቸው ጥግ ጥግ ቆመዋል። አስተናጋጆቹ ጥቁር ሰደርያ የለበሱ ወንዶች ናቸው፤ ጓንጉል ሴት አልቀጥርም ብሏል። ጠጅም በቤቴ አይገባም ብሏል፤ ውስኪና የፈረንጅ ወይን ብቻ። ለምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እንግዶቹ ግን አያውቁም።

ዓሣው ቀረበ፣ ጥብሱ ቀረበ። ጓንጉል ሊጎርስ ሲል የጌሾ ሽታ አፍንጫውን መታው። ጠጅ በሌለበት ቤት! ጎንበስ ሲል በነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከሰሃኑ አጠገብ፣ የእርጥብ መዳፍ ምልክት አየ። ከዚያ በትከሻው በኩል አንድ እጅ መጣ። የሴት እጅ። ግራ እጅ። አውራ ጣቱ ላይ የብር ቀለበት። ሙሉ ብርሌ ፊቱ አስቀመጠና ኪን! አደረገው።

"በጤና ይጠጡ።"

እንግዶቹ ያዩት ነጠላ የተከናነበች አስተናጋጅ ነው። የጠጅ ቤቱ የድሮ ደንበኛ ግራዝማች ይርዳው ደስ አላቸው። "ጎሽ! ጠጅም አለ ለካ! ጓንጉል፣ ባለቤቱ አንተ ነህና አንተ ጀምርልን" አሉ።

ጓንጉል ወደ ሴትየዋ ዞሮ በሹክሹክታ "ቅመሺልኝ" አላት።

መዳፏን ዘረጋችለት። መሃሉ ከሰል መስሏል።

"እኔማ ቀምሻለሁ፣ ጌታዬ። ተራው የእርስዎ ነው።"

"አልጠጣም!" ብሎ ጮኸ። "መርዝ አለበት!"

ግራዝማች ቢላቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። በዘርትሁን አሟሟት ድሮም ልባቸው አላመነም ነበር። "በምን አወቅህ?" አሉት። "በገዛ ቤትህ፣ ገና ሳትቀምሰው፣ መርዝ መሆኑን በምን አወቅህ?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ካልጠጣ በገዛ አፉ መሰከረ፤ ቤቱም ይሄዳል፣ አንገቱም ገመድ ውስጥ ይገባል። ከጠጣስ? ወይ ጣጣ! "ቀልዴን ነው እኮ" አለ። ሳቀ። አንድም ሰው አልሳቀለትም። ብርሌውን አነሳው። ጥርሱ ከብርሌው አፍ ጋር እየተጋጨ ጭልጥ አደረገው።

ማር ነው። ንጹሕ ማር! "አያችሁ?" አለ። "አያችሁ? ምንም የለበትም! አያ..." አለና የጠረጴዛውን ልብስ ከነሰሃኑ ይዞ ወደቀ። አልተነሳም። ግራ መዳፉን ሲገልጡት ከሰል መስሏል። ሴትየዋን ፈለጓት፣ የለችም። በሩ ላይ የቆሙት አስተናጋጆች ሴት የሚባል አልገባም፣ አልወጣም አሉ። ብርሌውን አነሱት፤ ደረቅ ነው፣ ውስጡ አቧራ ይዟል።

እሰይ! አዘንኩለት ብል ውሸቴን ነው።

ቤቱ ዛሬም እንደተዘጋ ነው፤ ደፍሮ የሚከራየው አልተገኘም። እናንተም ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በጌሾ መሃል ብቻችሁን አትሂዱ። ኪን! ሲል ከሰማችሁ ዞራችሁ አትዩ። ሳይቀመስ የተሰጣችሁን ደግሞ፣ አደራ፣ ወደ አፋችሁ እንዳታስጠጉ።

ደግሞ... ቆይ። ቆይ እስቲ። አንተ፣ እዚያ ጥጉ ጋ የተቀመጥከው። በእጅህ የያዝከው ብርሌ ነው? ዛሬ በዚህ ቤት የሚቀዳ የለም አላልኩም? ማናት የሰጠችህ?

ቀምሳልሃለች?