ጋለሪ የሄደችው ዶሮ

ልጆች፣ ይህን ታሪክ ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ አንዳንዱን ነገር ረስቼ ይሆናል። የሻይ ቤቱ በር ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ፣ እውነቱን ለመናገር አላስታውስም። የዶሮዋን ነገር ግን በደንብ አስታውሳለሁ።

የውብዳር የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ አስካለ በትንሿ ሻይ ቤታቸው ቦምቦሊኖ ትጠብሳለች።

ዘይቱ «ቸስ! ቸስ!» ይላል። ጢሱም ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

ግድግዳው ላይ አንዲት የተሳለች ዶሮ ነበረች። ማን እንደሳላት የሚያውቅ የለም፤ ሻይ ቤቱ ሲከፈት እዚያው ተሰቅላ ነው የተገኘችው።

ዶሮዋ ከጭንቅላቷ እስከ እግሯ ጥቁር ናት። ስለዚህ የውብዳር «ጥቁሬ» አለቻት።

ማታ ማታ «ጥቁሬ፣ ደህና እደሪ!» ትላታለች። 

አንድ ቀን እትዬ ሸዋዬ የሚባሉ ሴትዮ ሻይ ሊጠጡ ገቡ። ቦምቦሊኗቸውን ገመጥ አደረጉና ዓይናቸው ጥቁሬ ላይ ቀረ።

«ይቺ ዶሮ ታማለች» አሉ።

«አልታመመችም! ጥቁር ስለሆነች ነው!» አለች የውብዳር።

«ጥቀርሻ ነው የለበሰችው፣ የኔ ልጅ። እኔ የምሠራው ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ነው። እዚያ ሥዕሎችን እንጠብቃለን፤ የታመሙትን እናክማለን፤ ሰው ሁሉ መጥቶ ያያቸዋል።»

ወደ እናቷ ዞሩ። «ላክማት? ስትድን እዚያ ትቀመጥ፣ ወይም ወደ ቤቷ ትመለስ፤ እንደ ፈቃዳችሁ።»

እናቷ ጥቂት አሰበችና «ይውሰዷት» አለች።

ጥቁሬ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ሄደች። የውብዳር ያን ቀን ቦምቦሊኖ እንኳ እምቢ አለች።

«እማዬ፣ ጥቁሬ መቼ ትመጣለች?»

በማግስቱም፣ «እማዬ፣ ጥቁሬ መቼ ትመጣለች?»

ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ እራት ላይ፣ «እማዬ፣ ጥቁሬ መቼ ትመጣለች?»

«ኧረ አደረቅሽኝ!» አለች እናቷ። «ነይ፣ ሄደን እንጠይቃት።»

ጋለሪ ሲደርሱ ጥቁሬ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች። እትዬ ሸዋዬ በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልለዋል።

ጥጡን በምላሳቸው እርጥብ አደረጉ። ላባዋን ቀስ ብለው ጠረግ አደረጉ።

ጥጡ ጥቁር ሆነ! እሱን ጣሉና ሌላ ንጹሕ ጥጥ አነሡ። እርጥብ፣ ጠረግ። እርጥብ፣ ጠረግ።

«በምራቅ?» አለች የውብዳር። «እየመረቋት ነው?»

እትዬ ሸዋዬ ሳቁ። «ምራቅ ጥቀርሻ ያስለቅቃል። መቼም ምርቃትም ቢሆን አይጎዳትም።»

የውብዳር ምርቃት ታውቃለች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲመርቋት «እደጊ! እትፍ! እትፍ!» ነው የሚሉት።

ስለዚህ ጠጋ አለች። ትንፋሿንም ሳበች።

«ጥቁሬ፣ እደጊ! እትፍ! እትፍ!»

ጠብ! ምራቋ የሥዕሉ ጥግ ላይ አረፈ።

«ወይኔ ጉዴ!» እናቷ ራሷን ያዘች።

«የኔ ልጅ፣ ሥዕል ላይ አይተፋም! እኔ እንኳ በጥጥ፣ ቀስ ብዬ ነው።» አሉ እትዬ ሸዋዬ። «ቀለሙ ቢለቅ ማን ይመልሰዋል?»

እናንተም ልጆች፣ አደራ፣ እንዲህ እንዳታደርጉ።

የውብዳር አፏን በእጇ ከደነች። «ጥቁሬን ገደልኳት?»

እትዬ ሸዋዬ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። በንጹሕ ጥጥ ነካ፣ ነካ፣ ጠረግ አደረጉ።

ከዚያ «ኧረ ነይ፣ ነይ እዪ!» አሉ።

ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ትንሽ ዓይን። ትንሽ ምንቃር። «ጫጩት!» ብላ ጮኸች የውብዳር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ብዙ ሳምንት ፈጀ። እርጥብ፣ ጠረግ፤ ሌላ ጫጩት! እርጥብ፣ ጠረግ፤ ሌላ ጫጩት!

ጥቁሬ ራሷም እንደ በርበሬ ቀይ ሆነች።

«ጥቁሬ ቀይ ናት! ልጆችም አሏት!» የውብዳር እየዘለለች ሳቀች።

ጥቁሬ ብርሃን በሞላበት ሰፊ አዳራሽ ተሰቀለች። የውብዳር የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «አሁን ወደ ቤት እንውሰዳት!»

«እንዳልሽ። ጢሱንስ ምን እናድርገው?»

«መጥበሱን ተይዋ!»

«ካልጠበስኩ ምን ልንበላ ነው? ጥቁሬን ነው?»

«አይ! አይ!» አለች የውብዳር።

ያኔ በእናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን እጁን ዘረጋ። «ጫጩ! ጫጩ!»

ምርኩዝ የያዙ አንድ ሽማግሌም ጥቁሬ ፊት ቆሙ። ፈገግ አሉ፤ ቆመውም ቀሩ።

የውብዳር ሕፃኑን አየች። ሽማግሌውን አየች። ደግሞ ጢሱ «ቡልቅ!» ሲል፣ ጫጩቶቹ በየተራ ሲጠፉ ታያት።

«እሺ... እዚህ ትቆይ» አለች በቀስታ። «ግን ስመጣ ያስገቡኛል?»

«ይኼ እኮ የሁሉም ሰው ቤት ነው» አሉ እትዬ ሸዋዬ። «ያንቺም ነው።»

ለመጨረሻ ጊዜ ወሬያቸውን የሰማሁት በጥቅምት፣ አንድ እሑድ ቀን ነው።

የዚያን ቀን የውብዳርና እናቷ የሰፈሩን ልጆች ይዘው ጋለሪ ዋሉ። ሲመሽ የውብዳር ደክሟት እናቷ አዝላት ወደ ቤት ትመለሳለች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ልጆቹ ሁሉ ‹የኛ ዶሮ ናት› አሉ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አዎ አልኳቸው» አለች የውብዳር፤ ጉንጯን እናቷ ጀርባ ላይ ለጠፍ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት።